ፋማዲሃና፦ በማዳጋስካር ደጋ ሙታንን ወደ አባቶች መቃብር የመመለስ ልማድ

ፋማዲሃና በማዳጋስካር መካከለኛ ደጋ የሚኖሩት የሜሪናና የቤትሲሌዎ ሕዝቦች ለሙት ዘመዶቻቸው የሚደግሱት ታላቅ በዓል ነው። የቤተሰቡ መቃብር ይከፈታል፤ አፅሙ ከነመግነዙ ወጥቶ በአዲስ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ በሙዚቃና በጭፈራ በትከሻ ላይ ይዞራል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ወደ ቦታው ይመለሳል። ድግሱ የሚደገሰው ሩዙ ታጭዶ ከገባ በኋላ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ደረቅና ቀዝቃዛ ወቅት ነው።

የልማዱ ሥር ጥንታዊ ነው። የማላጋሲ (የማዳጋስካር ሕዝብ) ቅድመ አያቶች ከፊሎቹ ከ1,000 ዓመት በላይ አስቀድሞ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡ ሲሆን፣ ሬሳን ቀብሮ ከጊዜ በኋላ አፅሙን አውጥቶ እንደገና በክብር ማኖር ዛሬም በቦርኔዎ ሕዝቦች ዘንድ ይታወቃል። አሁን የሚታየው መልኩ ግን ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም የቀረበ ዘመን ሥራ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ፒየር ላርሰን እንዳሳየው ፋማዲሃና ቀድሞ በዋናነት ሬሳን ከጊዜያዊ ማረፊያው ወደ ቤተሰቡ መቃብር ማዛወር ነበር። መቃብሩን በየጥቂት ዓመቱ እየከፈቱ መግነዝ መቀየር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ለውጡን ካመጡት ነገሮች ትልቁ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1810 እስከ 1828 የነገሠው የሜሪና ንጉሥ ቀዳማዊ ራዳማ ደሴቲቱን በአንድ አገዛዝ ሥር ለማድረግ ሠራዊቱን በየዓመቱ ወደ ጠረፍ ያዘምት ነበር። ደገኛው ወታደር ግን ከጠላት ጦር ይልቅ በቆላ ንዳድ ያልቅ ነበር። ሜሪና በባዕድ አፈር መቅረትን ከሞት አብልጦ ይፈራልና፣ ጓዶቹና ዘመዶቹ አፅሙን ተሸክመው እስከ አገሩ ድረስ ለማድረስ ይደክሙ ነበር። በዚያው ዘመን ከድንጋይ የታነጹ ትልልቅ የቤተሰብ መቃብሮች እየበዙ ሄዱ። የሰው ማንነት የሚታወቀው በሚኖርበት ቤት ሳይሆን በሚቀበርበት ቦታ ሆነ። ብዙ ቤተሰብ ለራሱ ከጭቃ ቤት እየሠራ ለሙታኑ ግን ድንጋይ የሚያስጠርበው ለዚህ ነው።

ይህ እምነት በነገሥታቱም ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ፈረንሳዮች አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ጄኔራል ጋሊየኒ በቅዱሱ ኮረብታ በአምቦሂማንጋ ያረፉትን የነገሥታት አፅም አስነሥቶ ወደ ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ አዛወረ። ዓላማው የኮረብታውን ክብር መስበር ነበር። የመጨረሻዋን ንግሥት ሣልሳዊት ራናቫሎናንም አግዞ ከአገር አስወጣት፤ እ.ኤ.አ. በ1917 በአልጀርስ ሞተች። አፅሟ አንታናናሪቮ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። ለሕዝቡ ይህ መመለስ የተጓደለ ሥርዓት መሟላት ነበር።

የበዓሉ ቀን የሚቆረጠው በኮከብ ቆጣሪ ነው። እንግዳው በመቶዎች ይቆጠራል፤ ሩዝ ከሰባ ሥጋ ጋር ይቀርባል፤ የአገር ቤት አረቄ ይቀዳል። አፅሙ በገለባ ምንጣፍ ላይ እየወጣ ሲዘረጋ የእያንዳንዱ ሙት ስም ይጠራል፤ ዘመዶቹም ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ ይነግሩታል፤ ምርቃትም ይለምኑታል። ከዚያ ላምባሜና በሚባለው፣ በተለይ ሴቶች ከአገሩ የሐር ትል ፈትለው በሚሸምኑት ውድ ጨርቅ ይጠቀለላል። ልጅ የሚሹ ሴቶች የምንጣፉን ቁራጭ ወስደው ከፍራሻቸው ሥር ያኖራሉ። በቀብሩ ቀን ያለቀሰው ቤተሰብ በዚህ ቀን አያለቅስም፤ የሙቱን መምጣት በደስታ መቀበል ግዴታው ነው።

ወጪው ከባድ በመሆኑ ዘመዶች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ እንግዶችም የአቅማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያም ሆኖ ለዓመታት የሚያጠራቅም፣ ጭራሽም ዕዳ የሚገባ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1820 አንታናናሪቮ የገቡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያንና ተተኪዎቻቸው ልማዱን አልወደዱትም፤ እስከ አሁንም አጥብቀው የሚቃወሙት አንዳንድ የፕሮቴስታንት ማኅበራት ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን ከጊዜ በኋላ በቻይነት ማየትን መርጣለች። ብዙ ቤተሰብ መቃብሩን ከመክፈቱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይጸልያል።

ልማዱን በቅርቡ የፈተነው ወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በማዳጋስካር የተነሣው የሳንባ ቸነፈር ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ የጤና ባለሥልጣናት በበሽታው የሞተ ሰው ዳግም በሚከፈት መቃብር እንዳይቀበርና ስም በሌለበት የጋራ መቃብር እንዲያርፍ አሳሰቡ። ተላላፊ በሽታን ለመግታት የታሰበ ጥንቃቄ ነው፤ ለሟቹ ቤተሰብ ግን ዘመዱን ከአባቶቹ አጠገብ የሚነጥል፣ ከሞቱም የማያንስ ሐዘን ነው።