ጓዳ የገባ እንግዳ

የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር አፕዴት ካደረገ ወዲህ ኮምፒውተሩ አርማውን አሳይቶ፣ ሰማያዊ ብልጭ ብሎ፣ መልሶ ከዜሮ እየተነሳ ያስቸገረው ሰው ጥፋቱን የሚያላክከው ባወረደው ፋይል ላይ ነው። አልተሳሳተም። ግን አንድ የስክሪን ፋይል መላውን ማሽን የሚጥልበት ሥልጣን ከየት አገኘ?

ድራይቨር ዊንዶውስ ከካርዱ፣ ከፕሪንተሩ ወይም ከስካነሩ ጋር የሚነጋገርበት ኮድ ነው። የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን የሠራው ኩባንያ ነው። በዴቭ ከትለር የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 ዊንዶውስ ኤንቲን ሲያወጣ የምስሉ ሥራ በአብዛኛው ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ውጭ ነበር። ጥንቃቄው ፍጥነት አስከፈለ። በ1996 ኤንቲ 4.0 ሲመጣ የምስልና የፕሪንተር ድራይቨሮች ወደ ከርነሉ ገቡ። እንግዳ ሳሎን ውስጥ ቢያጠፋ ሳሎኑ ይጠረጋል፤ ጓዳ ገብቶ ካጠፋ ግን ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ብቻውን ይዘጋል። ከርነል ውስጥ ያለ ኮድ የማይገባውን ሜሞሪ ሲነካ ግን ዊንዶውስ ዳታ ከሚበላሽ ብሎ ሁሉን ነገር ያቆማል። የሚጠላው ሰማያዊ ስክሪን ሥራው ይኸው ነው።

ከኤንቲ ጋር የማይዛመደው ዊንዶውስ 98ም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ሚያዝያ 1998 ቺካጎ በተካሄደው የኮምዴክስ ትርኢት ላይ የማይክሮሶፍቱ ክሪስ ካፖሴላ ስካነር ሰክቶ ሲስተሙ ድራይቨሩን ራሱ እንደሚፈልግ ሊያሳይ ሲል፣ ቢል ጌትስ አጠገቡ እንደቆመ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ጌትስም ገና ለገበያ ያላወጣነው ለዚህ መሆን አለበት ብሎ ቀለደ።

በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ሲስተሙ ሲወድቅ ያለማንም ትእዛዝ ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የተሸጠው። ሰው ለማይጠብቀው ሰርቨር ይህ ደግ ሐሳብ ነው። ሲነሳ ያንኑ ድራይቨር ለሚጭን የቤት ኮምፒውተር ግን መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል፤ ጥፋተኛውን የሚጠቁመው ጽሑፍም ሳይነበብ ያልፋል። በ2003 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኤክስፒ ውድቀቶች 85 በመቶው በድራይቨር ሰበብ መሆኑን ጻፉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዑደቱን መስበር ነው። በዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 አርማው ሲታይ የፓወር ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት፣ አሁንም መድገም፤ በሦስተኛው ማሽኑ ወደ ጥገና ገጹ ይገባል። ከዚያ በስታርትአፕ ሴቲንግስ 9 ቁጥር በራስ መነሳቱን ያስቆምና የስህተቱን ስም ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል። 4 ቁጥር ደግሞ ሴፍ ሞድ ነው፤ እዚያ ስክሪኑን የሚያሠራው የማይክሮሶፍት መሠረታዊ ድራይቨር ስለሆነ አዲሱ አይነሳም። በዲቫይስ ማናጀር የካርዱን ፕሮፐርቲስ ከፍቶ ሮል ባክ ማለት ነው፤ ይህን ቁልፍም ያመጣው ያው ኤክስፒ ነው። ሳያዩ «ፎርማት ይደረግ» ለሚሉ ባለሙያዎች ያለኝ ትዕግሥት ትንሽ ነው።

ነገሩ በዓለም መጠን የታየው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አንድ ፋይል ላከ። ከርነል ውስጥ ያለው የኩባንያው ድራይቨር አልተቀየረም፤ የሚያነበው ፋይል ነው የተቀየረው። ፋይሉ 21ኛ ዋጋ እንዲነበብ ይጠይቃል፤ የቀረበው 20 ብቻ ነበር። ድራይቨሩ ከድርሻው ውጭ ያለ ሜሞሪ አነበበ፤ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ማሽኖች ወደቁ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ አነሳው፤ ግን ኢንተርኔት ሳያገኝ ለሚወድቅ ኮምፒውተር ይህ ምን ይፈይዳል? ማይክሮሶፍት ለክላውድ ደንበኞቹ እስከ 15 ጊዜ ሪስታርት አድርጉ እስከማለት ደረሰ። በቀሩት ማሽኖች ላይ ባለሙያዎች አንድ በአንድ እየዞሩ በሴፍ ሞድ ፋይሉን ሰረዙ፤ ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈም በቅድሚያ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ መገኘት ነበረበት።

አፕል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሌሎችን ኮድ ከከርነሉ እያስወጣ ነው። ማይክሮሶፍት በ2025 መነሳት ያቃተውን ማሽን ከሩቅ የሚጠግን ዘዴ አመጣ፤ ሰማያዊውንም ስክሪን ጥቁር አደረገው፤ የቀለሙ ነገር እንኳ ለወሬ ያህል ነው። የፕሪንተር ድራይቨር ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ከከርነሉ መውጣት ጀምሯል። የግራፊክስ ካርዱም ከፊሉ በቪስታ ወጣ፤ ዛሬ ድራይቨሩ ሲደነዝዝ ስክሪኑ ለአፍታ ጨልሞ የሚመለሰው በዚያን ጊዜ በተሠራው ዘዴ ነው። የቀረው ክፍል አሁንም ውስጥ ነው፤ ጌም ተጫዋቾች ፍጥነት እስከጠየቁ ድረስም የሚወጣ አይመስለኝም።