እርሾ የማይፈልገው ዳቦ ከየት መጣ?



ዳቦ ያለ እርሾ እንደማይነሣ ከእናቶቻችን የተማርነው ነው። ሊጡ ተቦክቶ ኩፍ እስኪል ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። አዲስ ቤት ገብቶ ገና እርሾ ያላስቀመጠ ቤተሰብ ግን ምን ያድርግ? እርሾ አልሆንለት ያለ ሌላ ሕዝብ በሶዳ የሚጋገር ዳቦ አገኘ። ታሪኩ እንደሚከተለው ነው።

አየርላንድ ቀዝቃዛና ዝናባማ አገር ናት። የምታበቅለው ስንዴ ለስላሳ ስለሆነ ሊጡ በደንብ አይለጠጥም፤ በእርሾም ብዙ አይነሣም። የድሃው ገበሬ ዋና ምግብ ድንች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1791 ኒኮላ ሌብላን የተባለ ፈረንሳዊ ሶዳን ከተራ ጨው የማውጣት ዘዴ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች በብዛት ስለሠሩት የሶዳ ዋጋ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ1836 በሰሜን አየርላንድ በኒውሪ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ የሶዳ ዳቦን አሠራር አወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። እስከ 1852 ድረስ በዘለቀው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ረሃብና ስደት ምን እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በድንች ብቻ መኖሩን ሲተው የሶዳ ዳቦ በየቤቱ ገባ። የሚፈልገው ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳና ቅቤው ከወጣለት ወተት የሚቀረውን አሬራ ብቻ ነው። የሚጋገረውም ክዳን ባለው የብረት ድስት፣ ፍም ከላይና ከታች ተደርጎ ነበር። ከላይና ከታች እሳት ለእኛ እናቶች አዲስ ነገር አይደለም።

ዳቦው የሚነሣው እንዴት ነው? አሬራው ኮምጣጣ ነው። ሶዳ ኮምጣጣ ነገር ሲነካ ወዲያው አየር ያወጣል፤ ያ አየር ሊጡን ይነፋዋል። ስለዚህ ሊጡ አይታሽም፣ አያድርም፤ ቶሎ ምድጃ ውስጥ መግባት አለበት።

አሠራሩ፦ 450 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አደባልቁ። 400 ሚሊ ሊትር ያህል አሬራ፣ ወይም በውኃ የቀጠነ ሌቤን፣ ቀስ በቀስ ጨምሩ። አድቦልቡሉትና ሙቀቱ ወደ መሐል እንዲገባ አናቱን በቢላዋ ጥልቅ አድርጋችሁ ሰንጥቁት። በ200 ዲግሪ 45 ደቂቃ ያህል ይጋገር። ታቹን ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። በሱቅ «ሶዳ ለሽቲያ» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አቭካት አፊያ» የሚባለው ሌላ ነው።

ሁለት ነገር አትርሱ። በታልሙድ እንደተጻፈው ሊጥን በወተት ማቡካት ክልክል ነው፤ ሰው ተራ ዳቦ መስሎት ከሥጋ ጋር እንዳይበላው ነው። ቅርጹ ከሌላው ዳቦ የተለየ ከሆነ ወይም ለአንድ ማዕድ ብቻ የሚበቃ ትንሽ ከሆነ ግን ይፈቀዳል። ከሥጋ ጋር ለመብላት ከፈለጋችሁ በአሬራው ፈንታ ውኃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አድርጉ። ሁለተኛ፣ እርሾ የለውም ብላችሁ ለፋሲካ አትጋግሩት፤ ሐሜጽ ነው። የፋሲካው ቂጣ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ይቆይ።

በሞሰባችሁ በረከት ይሁን!