በዘመነ ስደት የወደቁት ክርስቲያኖችና የንስሐ መንገድ

ሰው ለመዳን ምን ያስፈልገዋል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሃይማኖትና ጥምቀት ብሎ መመለስ ለተማሪ ሁሉ ቀላል ነው። የተጠመቀ ሰው በሹም ፊት ክርስቶስን ቢክድ፥ ኋላም እያለቀሰ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢመጣ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን ከጉባኤ ቤት ክርክር የተነሣ አልነበረም፤ ደም በፈሰሰበት ዘመን በሰዎች ላይ የደረሰ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የሮሜ ቄሣር ዳክዮስ በ250 ዓ.ም. በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው ከመሥዋዕቱ መቅመሱን ሹሞች አይተው የሚፈርሙበት ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከነዚህ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት ከግብጽ ምድር ተገኝተዋል፤ የአገር ቤት ሰዎች ስም ተጽፎባቸው ሲታይ ያን ጭንቅ ከብዙ ትረካ ይልቅ ይመሰክራሉ። አንዳንዱ ታስሮ ጸና፤ አንዳንዱ ወደ በረሃ ሸሸ፤ ብዙው ግን ሠዋ። ሳይሠዋ መማለጃ ሰጥቶ ወረቀቱን የገዛም ነበረ።

ዳክዮስ በ251 ዓ.ም. ከጎት ሕዝብ ጋራ ሲዋጋ ሞተ። የወደቁትም መመለስን ፈለጉ። ያን ጊዜ በሮሜ ቄስ የነበረው ኖባጥያኖስ፥ የካደ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ያልቅስ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ልትቀበለው አይገባትም ብሎ፥ በጳጳሱ በቆርኔሌዎስ ላይ ራሱን ጳጳስ አሰኘ። ነገሩ ከቅናት የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ ማልቀሱን የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለውን ፍርድ እንዴት እንደ ደፈረ ያስደንቃል። በቀርታግና ደግሞ ጥፋቱ በሌላ ወገን ሆነ። በእስር ቤት የጸኑት ለወደቁት የዕርቅ ደብዳቤ ይሰጡ ጀመር፤ ያን የያዘውም ንስሐ ሳይገባ ቍርባን ይሻ ነበር። ጳጳሱ ቆጵርያኖስ የሌላው ሰው መከራ የበደለኛውን ዕንባ እንደማይተካ አስተማረ፤ ደጁን መዝጋትንም አልወደደም። በ251 ዓ.ም. የተሰበሰበው ጉባኤ የሠዋውና ወረቀት የገዛው በደላቸው ልዩ ልዩ ነውና የእያንዳንዱ ነገር ለብቻው ይመርመር ብሎ ወሰነ።

በእስክንድርያ መንበር 14ኛው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ ነበረ። እርሱ ለአንጾኪያው ጳጳስ ለፋብዮስ የጻፈውን ነገር አውሳብዮስ በታሪኩ አኑሮታል። ሰራፕዮን የሚባል ሽማግሌ ዘመኑን ሁሉ ያለ ነቀፋ ኖሮ በስደቱ ጊዜ ሠዋ። ይቅርታ ደጋግሞ ቢለምንም የሚሰማው አላገኘም። ታሞ ሦስት ቀን ምላሱ ተይዞ ራሱን ስቶ ተኛ፤ በአራተኛው ቀን ነቅቶ የልጁን ልጅ ቄስ ጥራልኝ ብሎ ላከው። ጊዜው ሌሊት ነበረ፤ ቄሱም ታሞ ነበርና መምጣት አልቻለም። ነገር ግን ሊቀ ጳጳሳቱ ለሚሞቱት፥ ይልቁንም አስቀድመው ለለመኑት ይቅርታ እንዲደረግላቸው አዝዞ ነበርና፥ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ለብላቴናው ሰጠው፤ በውኃ አርሶ በሽማግሌው አፍ እንዲያኖረው ነገረው። ሰራፕዮንም ተቀብሎ ወዲያው ዐረፈ። ዲዮናስዮስ ይህን የጻፈው ሽማግሌው እስኪፈታ ድረስ በሕይወት የተጠበቀ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ የዲዮቅልጥያኖስ ስደት በ303 ዓ.ም. ተነሣ። ስንክሳር ኅዳር 29 ቀን የሚያስበው ጴጥሮስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ስደቱ ሳይቆም በ306 ዓ.ም. ስለ ንስሐ ሥርዓት ጻፈ። እንደ ብልህ ሐኪም ቍስሉን ሁሉ በአንድ መድኃኒት አላከመም። በብዙ ሥቃይ ሥጋቸው ደክሞ የወደቁት ሦስት ዓመት አልቅሰዋልና 40 ቀን ብቻ ጨመረላቸው። የእስር ቤቱን መከራ ብቻ አይተው የካዱት ሌላ 1 ዓመት፥ ምንም ሳይነካቸው የካዱት ግን ፍሬ ባጣችው በለስ ምሳሌ 4 ዓመት እንዲቆዩ አዘዘ። ክርስቲያን ባሮቻቸውን በራሳቸው ፈንታ ልከው ያሠዉ ጌቶች ነበሩ፤ ባሮቹን 1 ዓመት፥ ጌቶቹን 3 ዓመት ቀጣቸው። ይህ ፍርድ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የታዘዘው ከአዛዡ ያነሰ ተጠያቂ ነውና። ገንዘብ ከፍለው ከመከራው ያመለጡትን ነፍሳቸውን ለማዳን ንብረታቸውን ንቀዋል ብሎ አልነቀፋቸውም። አፋቸው በብረት ተይዞ፥ እጃቸው በግድ ወደ መሥዋዕቱ እሳት ተገፍቶ የተቃጠለባቸውን ካህናት ግን እንደ ታማኝ ምስክሮች ቈጠራቸው፤ በማዕርጋቸውም እንዲኖሩ አደረገ። ፈቃድ በሌለበት ክሕደት የለምና።

ጴጥሮስ ራሱ በ311 ዓ.ም. አንገቱን ተቈረጠ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በሊቅንዮስ ዘመን ያለ ግድ የካዱት ንስሐቸው እውነተኛ ከሆነ 12 ዓመት ቆይተው ወደ ቍርባን እንዲመለሱ ሥርዓት ሠሩ። ዓመቱ ሳይፈጸም ሞት ለሚደርስበት ሰው ግን፥ ዲዮናስዮስ ለሰራፕዮን እንዳደረገው ሁሉ፥ የመንገዱ ስንቅ እንዳይከለከል አዘዙ።