እኩያሞቹ ገመዶች፦ የሊፍት ማንጠልጠያ ገመድ እርጅናና የደኅንነት ስሌቱ ወሰን

የሊፍት ገመድ ተበጥሶ ካቢኑ ከነተሳፋሪዎቹ የሚወድቅበት አደጋ በሕዝብ ዘንድ እጅግ ቢፈራም በተግባር ብርቅ ነው። ለዚህ በመጀመሪያ የሚመሰገነው ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ያሳየው የመውደቅ መከላከያ መሣሪያ ሲሆን፣ ቀጥሎ የገመዶቹ ብዛት ነው። ይህ መጣጥፍ ሁለተኛው ዋስትና ከሚታመንበት በታች እንደሆነ ይከራከራል። የገመዶች ብዛት ከድንገተኛ ጉድለት ይጠብቃል፤ ከእርጅና ግን አይጠብቅም።

ኢኤን 81-20 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ሦስትና ከዚያ በላይ ገመድ ላለው ሊፍት የደኅንነት መጠኑ ከ12 እንዳያንስ ያዛል። ገመዶቹ በአንድነት የሚንጠለጠልባቸውን ጭነት 12 እጥፍ መቻል አለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ ስድስት ገመድ ካለው ሊፍት አምስቱ ቢበጠሱ እንኳ የቀረው አንዱ በስሌት የጭነቱን እጥፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በቺካጎ፣ ቀድሞ ጆን ሃንኮክ ማዕከል በሚባለው ሕንፃ፣ ከ95ኛው ፎቅ ስድስት ሰዎች ይዞ ሲወርድ በነበረ ሊፍት ላይ አንድ ገመድ ተበጥሶ ካቢኑ 11ኛው ፎቅ አካባቢ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ በር በሌለው የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ስለነበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግድግዳ ሰብረው እነርሱን ለማውጣት ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ሆኖም ሁሉም በሕይወት ወጡ። የቀሩት ገመዶች ሥራቸውን ሠርተዋል።

ስሌቱ ግን የተሠራው ለአዲስ ገመድ ነው። የአንድ ሊፍት ገመዶች በአንድ ቀን ይገጠማሉ፣ በአንድ ፑሊ ላይ ይታጠፋሉ፣ ዘይት ሲቀቡም ሲረሱም አብረው ናቸው። እኩያሞች ስለሆኑ አብረው ይደክማሉ። አንዱ ላይ የታየ ድካም የሌሎቹም ምልክት ነውና ሲቀየሩም ሁሉም በአንድነት ሊቀየሩ ይገባል።

እርጅናው የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የተለመደው የሊፍት ገመድ በዘይት በተነከረ የቃጫ እምብርት ዙሪያ የተገመደ የብረት ሽቦ ነው። ቃጫው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሽቦ ጉንጉኖቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ከመካከላቸውም ቀይ የዝገት ብናኝ ይወጣል። ይህን ብናኝ ተራ አቧራ ብሎ በጨርቅ ጠርጎ ማለፍ ማስረጃን መደምሰስ ነው። ገመዱም ይቀጥናል፤ በተለመደው የሙያ መለኪያ ዲያሜትሩ ስድስት በመቶ ያህል ሲቀንስ ዕድሜው አብቅቷል ይባላል። ለ13 ሚሊ ሜትር ገመድ ይህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ለውጥ ነው፤ በካሊፐር ካልተለካ በዓይን አይያዝም።

ፑሊው በጠበበ ቁጥርና መታጠፊያው በበዛ ቁጥር ሽቦው ቶሎ ይዝላል። የፑሊው ዲያሜትር ከገመዱ 40 እጥፍ እንዳያንስ የሚፈለገው ለዚህ ነው። የሞተር ክፍል የሌላቸው ዘመናዊ ሊፍቶች አብዛኛውን ጊዜ ገመዱን በብዙ ፑሊ ላይ ስለሚያዞሩት በአንድ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይታጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ መዘዝም አለ። ካቢኑን የሚያንቀሳቅሰው ገመዱ ከፑሊው ጎድጎድ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። ገመዱ ሲቀጥን፣ ጎድጎዱ ሲበላ፣ ወይም ዘይት ከመጠን በላይ ሲቀባ መንሸራተት ይመጣል። ሚዛን ጠባቂው ክብደት ከባዶ ካቢን ስለሚበልጥ፣ ባዶ ሊፍት ገመዱ ሲንሸራተት የሚያመልጠው ወደ ላይ ነው። የኦቲስ ፈጠራ ደግሞ የታሰበው ለቁልቁል ነበር።

ቪልሄልም አልበርት በ1834 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሃርትዝ ማዕድን ማውጫ የሽቦ ገመድን ሲሠራ ዓላማው ሰንሰለትን መተካት ነበር። ሰንሰለት አንድ ቀለበት ሲሰበር ያበቃለታል፤ ገመድ ግን ሽቦዎቹ አንድ በአንድ እየተበጠሱ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው ግን በሚታይ ቦታ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 በሊዝበን የግሎሪያ ዳገታማ ባቡር ሁለቱን ፉርጎዎች የሚያገናኘው ኬብል ተበጥሶ 16 ሰዎች ሞቱ። የዚያን ዕለት ጠዋት በዓይን የተደረገው ፍተሻ ምንም አላሳየም፤ ኬብሉ የተበጠሰው ሳይፈታ በማይታየው መያዣው ውስጥ ነበርና። ለ600 ቀን አገልግሎት የታሰበው ኬብል በ337ኛው ቀን ተበጠሰ፤ መርማሪዎችም ኬብሉ ቀድሞውኑ ለሰው ማጓጓዣ ያልተፈቀደ መሆኑን አረጋግጠዋል። ግሎሪያ ሊፍት ባይሆንም በኬብል የተያያዙ ሚዛናውያን ክብደቶች ሥርዓት ነው፤ የቀን ቆጠራም የዓይን ፍተሻም ብቻቸውን እንደማይበቁ ያስረዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍት ያላቸው ሕንፃዎች በርክተዋል፤ ቀድመው የተገጠሙትም እያረጁ ነው። የሕንፃ ባለቤቶችና የጋራ መኖሪያ ማኅበራት ገመዶቹ የተገጠሙበትን ቀን፣ የአምራቹን የምስክር ወረቀትና በየጊዜው በካሊፐር የተለካውን ዲያሜትር በመዝገብ ይያዙ። የጥገና ባለሙያው «ደህና ነው» ሲል ቁጥሩን ጠይቁት። የሙሉ ገመድ ቅያሪና የፑሊ ጥገና ወጪ ሲመጣም ሊፍቱ ገና እየሠራ ነው ተብሎ አይዘግይ።