የአፈጣጠር ልዩነት፦ የሆድ ደም ቅዳዎች በሁሉም ሰው አንድ አይደሉም

ከማቻከል ወይም ከሸበል በረንታ ሆዱ ተነፍቶ፣ ፈስና ዓይነ ምድር ቆሞበት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የደረሰ ገበሬ ሲገኝ ሐኪሞች ቀድመው ከሚጠረጥሯቸው አንዱ የአንጀት መጠምዘዝ ነው። በሰሜን ምዕራብ ደጋ የታወቀ በሽታ ሲሆን ይበልጡን ወንዶችን ያጠቃል። የሚጠመዘዘው ብዙ ጊዜ ሲግሞይድ የሚባለው፣ በግራ ታችኛው ሆድ ያለ የትልቁ አንጀት ክፍል ነው። በአንዳንድ ሰው ይህ ክፍል ይረዝማል፣ የተንጠለጠለበት ሽፋንም ሥሩ ይጠብባል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይዞራል።

እንዲህ ያለውን ከሰው ሰው የሚለያይ የአካል አሠራር ሐኪሞች አናቶሚካል ቫሪዬሽን ይሉታል፤ እዚህ «የአፈጣጠር ልዩነት» እንለዋለን። «የተፈጥሮ ጉድለት» ማለት ታማሚን በከንቱ ያስፈራል፤ ብዙው ሰው ልዩነቱን ሳያውቀው በጤና ይኖራል። ቀዶ ሕክምና ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ በተለይ በደም ቅዳዎች ላይ ሲሆን።

ተጠምዝዞ የሞተውን አንጀት የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ይመግቡት የነበሩትን ደም ቅዳዎች አስሮ ይቆርጣል። የቀሩትን ሁለት ጫፎች ለማገናኘት ደም በሌላ በኩል ሊደርስላቸው ይገባል። ይህን የሚያደርሰው የትልቁን አንጀት ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ ቀጭን ደም ቅዳ ነው። በአንዳንድ ሰው ግን ይህ ደም ቅዳ ጣፊያ አጠገብ ባለው መታጠፊያ ላይ እጅግ ይቀጥናል፣ አልፎ አልፎም ይቋረጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመስፋቱ በፊት ጫፉ ደህና መድማቱን፣ ሽፋኑ ላይ ትርታ መኖሩን ያያል። ደም ያልደረሰው ስፌት ይለቃል፤ ዓይነ ምድር ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሕይወትም ያጠፋል። ካጠራጠረው አንጀቱን ለጊዜው በሆድ ግድግዳ በኩል ማውጣት ይመረጣል።

የጉበት ደም ቅዳ ከዚህም ይለዋወጣል። አሜሪካዊው ኒኮላስ ሚሸልስ በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የ200 አስከሬኖች ጥናት፣ በመጽሐፍ የምናየው ሥዕል የተገኘው በ55 በመቶው ብቻ ነበር። በአንዳንዱ ሰው የቀኝ ጉበት ደም ቅዳ የሚነሣው አንጀትን ከሚመግበው ትልቅ ደም ቅዳ ነው፤ ማሳው ውኃ አላጣም፣ ቦዩ ግን በሌላ በኩል መጥቷል። የሐሞት ከረጢት ወይም ቆሽት ሲወጣ ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ካሰረው ጉበት ይጎዳል።

ኩላሊትም እንዲሁ ነው። በጽንስ ጊዜ ከዳሌ ወደ ላይ ሲወጣ በየደረጃው አዲስ ደም ቅዳ ይቀበላል፣ አሮጌው ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረው ተጨማሪ ደም ቅዳ ይሆናል፤ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ ይህ አለው። እርሱን መቁረጥ የሚመግበውን የኩላሊት ክፍል መግደል ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ለተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ የለጋሹን ደም ቅዳዎች በምስል አስቀድሞ መቁጠር የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ልዩነት ያገኘ ቀዶ ሐኪም በካርዱ ላይ ሥሎ ይጻፈው፣ ለታማሚውም በቃል ይንገረው። ያ ገበሬ ከዓመታት በኋላ ሐሞቱን ታሞ ባሕር ዳር ሌላ ሐኪም ፊት ሲተኛ፣ ያ ሐኪም የት መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል።