የጆርናል ተጽዕኖ ልኬት በተለያዩ የሳይንስ ዘርፎች

የጆርናል ተጽዕኖ ልኬት አንድ የምርምር ጆርናል ያወጣቸው ጽሑፎች በሌሎች ተመራማሪዎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ በቁጥር የሚገልጽ አሠራር ነው። ከሁሉም የታወቀው ኢምፓክት ፋክተር ነው። ጆርናሉ ባለፉት 2 ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል፤ ስሌቱ ይኸው ነው። መሠረቱን የጣሉት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው። የሳይንስ ጽሑፎችን የማጣቀሻ ማውጫ ሐሳብ በ1955 እ.ኤ.አ. አቀረቡ፤ ማውጫው ራሱ በ1964፣ የጆርናሎቹ ዓመታዊ ዘገባ ደግሞ በ1975 ወጣ። ዘገባው ቤተ መጻሕፍት የሚገዙትን ጆርናል እንዲመርጡ ይረዳ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የመምህራን ዕድገት መመዘኛ ሆነ፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

ዘርፎች የመጥቀስ ልማዳቸው ይለያያል። የሞለኪውል ባዮሎጂ ተመራማሪ በአንድ ጽሑፍ በርካታ ደርዘን ማጣቀሻ ይደረድራል፤ አብዛኛውም የቅርብ ዓመታት ሥራ ነው። የሒሳብ ሊቅ ጥቂት ይጠቅሳል፤ ከጠቀሳቸው አንዱ የ30 ዓመት ዕድሜ ቢኖረው ማንም አይገረምም። ስለዚህ ኢምፓክት ፋክተሩ 3 የሆነ የሒሳብ ጆርናል ከዘርፉ ቁንጮዎች ሲቆጠር፣ በሕዋስ ባዮሎጂ ያው 3 ተራ ቁጥር ነው።

አርኪዮሎጂ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ይብሳል። ለምሳሌ ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ላስ ጌል፣ አንገታቸው ባጌጠ የላም ሥዕሎቹ የታወቀ ነው። የአካባቢው አርብቶ አደር ቀድሞም ያውቀው ነበር። በዣቪየር ጉተርዝ የተመራ የፈረንሳይ ቡድን በ2002 አይቶት ግኝቱን በ2003 በጆርናል ኦቭ አፍሪካን አርኪዮሎጂ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ አሳተመ። ኢምፓክት ፋክተር የቀደሙ 2 ዓመታትን ስለሚጠይቅ፣ በዚያ ዓመት የተወለደ ጆርናል ቁጥር ሊኖረው አይችልም ነበር። ቢኖረውም ብዙ አይረዳም፤ የዚህ ዘርፍ ጽሑፍ ተፈላጊነቱ የሚታየው ዘግይቶ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ በመጽሐፍ ውስጥ ነው። ስለ አፍሪካ ቀንድ የዋሻ ሥዕል የሚጽፍ ሰው ግን ያንን ጽሑፍ ሊያልፈው አይችልም።

ለዚህ የዘርፎች ልዩነት ከቀረቡት መፍትሔዎች ብልህ የሚባለው የላይደን ዩኒቨርሲቲው ሄንክ ሙድ በ2010 ያቀረቡት ስኒፕ ነው። ስኒፕ ጆርናሉ በአማካይ የተጠቀሰበትን ብዛት፣ ዘርፉ ባለው የመጥቀስ ልማድ ያካፍላል። ለምሳሌ አንድ የሒሳብ ጆርናል በጽሑፍ 1.2 ጊዜ ቢጠቀስና የዘርፉ ልማድ 0.6 ቢሆን ውጤቱ 2 ነው፤ የሕክምናው ጆርናል 4 ጊዜ ቢጠቀስና ልማዱ 2 ቢሆን እሱም 2 ያገኛል። ዘርፉ የሚለየው አስቀድሞ በተሰጠ ስም አይደለም፤ ጆርናሉን የጠቀሱት ጽሑፎች ራሳቸው ዘርፉን ይመሠርታሉ። ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ በ2021 ያወጣው ጆርናል ሳይቴሽን ኢንዲኬተር ደግሞ ጽሑፍን ከዘርፉ፣ ከዓይነቱና ከታተመበት ዓመት እኩዮቹ ጋር ያወዳድራል፤ የዓለም አማካይ 1 ነው።

ማስተካከያው ግን የሚያስተካክለው የተቆጠረውን ብቻ ነው። ስኒፕ የሚሠራው በስኮፐስ የመረጃ ቋት ውስጥ ባሉ ማጣቀሻዎች ነው። የሐርጌሳን ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርኢት በ2008 የጀመረው ሬድሲ የባህል ፋውንዴሽን በሶማሊኛ የሚያሳትማቸው መጻሕፍት፣ ወይም ከ1963 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚታተመው ጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ ያስነበባቸው የአማርኛ ጽሑፎች፣ በታሪክና በሥነ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ ያላቸው ክብደት በእንዲህ ያለ ቋት በወጉ አይታይም። ማካፈያውም ይናጋል፤ በቋቱ ውስጥ የሚቆጠር ማጣቀሻ ጥቂት በሆነበት ዘርፍ ትንሽ ለውጥ ውጤቱን ያዘልለዋል። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡሌቲን በዓለም አቀፍ ማውጫ በመግባቱ ኢምፓክት ፋክተር አለው፤ ከታሪክ ጆርናል ጋር በዚህ ቁጥር ማወዳደር ግን፣ ተስተካከለም አልተስተካከለም፣ ትርጉም የለውም።

በሳን ፍራንሲስኮ በ2012 የተነደፈው ዶራ የተባለው መግለጫ የጆርናልን ቁጥር ለግለሰብ ተመራማሪ መመዘኛ ማድረግን ይቃወማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ጆርናል ውስጥ ጥቂት ጽሑፎች አብዛኛውን ጥቅስ ይወስዳሉ፤ ሌላው በስማቸው ይኖራል። በ2015 ኔቸር ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ከ10 መርሖዎቹ አንዱን ለዘርፎች ልዩነት፣ ሌላውን ደግሞ ለአካባቢ ጠቃሚ ለሆነ ምርምር ጥበቃ ሰጥቷል።

በርካታ የኢትዮጵያ ጆርናሎችን የሚያስተናግደው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን፣ ኢናስፕ ከተባለው ድርጅት ጋር ጥቅስን ጭራሽ የማይቆጥር ሌላ አሠራር ዘርግቷል። ጆርናሉ ጽሑፍ በእኩዮች ያስገመግም እንደሆነ፣ በወቅቱ ይወጣ እንደሆነና የአርትዖት ደንቡን በግልጽ ያስቀምጥ እንደሆነ ታይቶ እስከ 3 ኮከብ ይሰጠዋል።