ንስርና አሞራ በመጨረሻው ዘመን ትንቢት፦ የአንድ ምሳሌ የትርጓሜ ታሪክ

ሐዋሳ ውስጥ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው፣ ዓሣ በሚያጸዱት ሰዎች ዙሪያ የቆሙትን አባ ኮዳዎች ሳያይ አይመለስም። ቢላዋው ሥራ ሲጀምር ማንም ሳይጠራቸው ይሰበሰባሉ። በባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ማቴዎስ 24፥28ን ስናነብ አንዲት እናት ይህንኑ አስታወሱን። አንድ ወጣት ግን፣ “መምህር፣ ንስሩ አሜሪካ ነው፣ ፍጻሜውም ቀርቧል ይባላል። እንዲህ ከሆነ ትምህርቴን መቀጠሌ ምን ይጠቅማል?” ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ የምንሰጠው ትርጓሜ የሰውን ሕይወት ይነካልና።

ንስርን ከመንግሥት ጋር ማያያዝ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በአገራችን በግእዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ዕዝራ ሱቱኤል ነው። መጽሐፉን ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1820 ለአውሮፓ አንባቢዎች በኅትመት አቅርቦታል። እኛ ከ66ቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ባንቆጥረውም ለትርጓሜ ታሪክ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሮማውያን ኢየሩሳሌምን በ70 ዓ.ም. ካፈረሱ በኋላ የተጻፈው ይህ ራእይ፣ 12 ክንፍና 3 ራስ ያለው ንስር ከባሕር ወጥቶ ምድርን ሲገዛ፣ በመጨረሻም አንበሳ ሲገሥጸው ያሳያል። ንስሩ ዳንኤል ያየው አራተኛው መንግሥት ነው፤ አንበሳውም መሲሑ ነው። የሮም ጭፍሮች የንስር ዓርማ ይዘው ይዘምቱ ስለ ነበር የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ፍቺውን ለማወቅ አልተቸገሩም። በዳንኤል 7 ግን የንስር ክንፍ ያለው የመጀመሪያው አውሬ ነው፤ እርሱም በብዙዎች ዘንድ ባቢሎን እንደ ሆነ ይታመናል። እንግዲህ ንስር የአንድ መንግሥት ቋሚ ስም አይደለም ማለት ነው።

የማቴዎስ 24፥28 ትርጓሜም እንዲሁ ተለያይቷል። አኤቶስ የሚለው የግሪክ ቃል ንስርንም ጥንብ አንሣንም ሊያመለክት ይችላል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ “አሞራ”፣ በራእይ 12፥14 “ንስር” ያለው ይህንኑ ቃል ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ የሚሰበሰቡት ወፎች ወደ ክርስቶስ የሚመጡ ቅዱሳንና መላእክት ናቸው አለ። ካልቪን ምእመናን ወደ አንዱ ራስ ወደ ክርስቶስ መሰብሰባቸውን አየበት። ኢየሩሳሌምን የከበበውን የሮም ሠራዊት ያዩበትም አሉ። ዐውዱ ግን ወደ ሌላ ይመራናል። ጌታ በዚያ ክፍል የሚናገረው ክርስቶስ በምድረ በዳ ወይም በእልፍኝ ተሰውሯል የሚሉትን እንዳናምን ነው። መምጣቱ እንደ መብረቅ ለሁሉ ይታያል። የአሞሮች መሰብሰብ በድኑ ያለበትን ከሩቅ እንደሚያሳውቅ፣ የእርሱም መምጣት ምስጢር አዋቂ አያስፈልገውም። እናታችን ከአሞራ ገደል የተረዱት ወደዚህ የቀረበ ነው።

የራእይ መጽሐፍ ወፎችም ፍቺያቸው በብሉይ ኪዳን ይገኛል። በምዕራፍ 19 ለታላቁ የእግዚአብሔር እራት የተጠሩት ወፎች ከሕዝቅኤል 39 የመጡ ናቸው፤ ከዚያም አልፎ የዘዳግም 28፥26ን እርግማን ያስታውሳሉ። ቀባሪ የሌለው ሬሳ የፍጹም ሽንፈት ምልክት ነበር። በምዕራፍ 12 ግን ሴቲቱ ከዘንዶው ፊት ያመለጠችው በታላቁ ንስር ክንፎች ነው። ይህም እግዚአብሔር እስራኤልን በንስር ክንፍ ተሸክሞ ከግብፅ እንዳወጣ የሚናገረውን ዘጸአት 19፥4ን ያስተጋባል። እንግዲህ በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ወፍ የፍርድም የመዳንም ምሳሌ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ አገልጋዮች ወፉን ከዕለቱ ዜና ጋር ከማዛመዳችን በፊት ሁለት ነገር ልንጠይቅ ይገባል፦ ምሳሌው ከየትኛው የብሉይ ኪዳን ክፍል ተወሰደ? የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎችስ ምን ሰሙበት? ይህን ትተን ለንስሩ የዘመናችንን አገር ስም ብንሰጠው፣ ግምታችን ሲከሽፍ ምእመኑ የሚጠራጠረው እኛን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ጭምር ነው።

ለወጣቱም ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ነገርኩት። ማቴዎስ 24 የሚያበቃው ጌታው ሲመጣ የተሰጠውን ሥራ ሲሠራ በተገኘው ባሪያ ብፅዕናና ሥራውን በተወው ባሪያ ፍርድ ነው። “ትምህርትህን ቀጥል፤ መጠበቅ ማለት ይህም ነው” አልኩት።